«ማርክስመን» ምንድን ነው? ድንበር ዘሎ ስታዲየም የሠራው ክለብ

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። ማርክስመን በእንግሊዝኛ አልሞ ተኳሾች ማለት ነው። ቃሉን ለሁለት ስትሰነጥቁት ግን «የማርክ ሰዎች» የሚል ነገር ይወጣዋል። ሁለቱም ልክ ነው። ቡድኑ ጎል አይስትም ነበር፣ ባለቤቱ ደግሞ ሳም ማርክ ይባላል። ሰውየው በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ክለቡን ሲገዛ ስሙን ከራሱ ስም ጋር አጋባው። እንግሊዝኛ ሰምና ወርቅ የለውም ያለው ማን ነበር?

እና ፎል ሪቨር ማርክስመን የእግር ኳስ ክለብ ነው። የአሜሪካውን ባለ ራስ ቁር ጨዋታ አይደለም የምላችሁ፣ የኛን እግር ኳስ ነው፤ እነሱ ሶከር የሚሉትን። ፎል ሪቨር በማሳቹሴትስ ግዛት ደቡብ፣ ከሮድ አይላንድ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በ1920 የሕዝቧ ቁጥር 120,000 አካባቢ ነበር። ከዚች ከተማ የወጣ ቡድን ከ1924 እስከ 1926 የአገሪቱን ፕሮፌሽናል ሊግ ሦስት ጊዜ አከታትሎ በላ፣ በ1929 እና በ1930 ደግሞ ተመልሶ ወሰደው። ብዙ ሰው የአሜሪካ እግር ኳስ ፔሌ በ1975 ኒውዮርክ ሲገባ የተጀመረ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ለምን ፎል ሪቨር? በውሃው ምክንያት ነው፣ እውነቴን ነው። የወንዙ የጥንት ስም ኪውኪቻን ሲሆን የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የዋምፓኖአግ፣ ቃል ነው፤ የሚወድቅ ውሃ እንደማለት። የከተማዋም ስም ከዚያው የመጣ ነው። ውሃው ከከፍታ ስለሚወርድ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ጥጥ ይፈትላል፣ ጥጡ ደግሞ ሠራተኛ ይፈልጋል። ከተማዋ በደጉ ጊዜዋ ከመቶ በላይ የጥጥ ፋብሪካ ነበራት። ሠራተኛው ከየት መጣ ብትሉ ከአየርላንድ፣ ፈረንሳይኛ ከሚናገሩት ካናዳውያን፣ ከፖርቹጋል ደሴቶች፣ በተለይ ደግሞ ከእንግሊዝ ላንክሻየር። ላንክሻየር ማለት ሸማኔው ሁሉ ኳስ የሚያሳድድበት አገር ነው። ሰዎቹ ሽመናውን ይዘው ሲመጡ ኳሱንም ይዘው መጡ።

ለዚህ ነው ታሪኩ ከማርክ በፊት የሚጀምረው። አሜሪካን ካፕ የሚባል ዋንጫ ነበር፣ ከ1888 እስከ 1892 አምስት ዓመት በተከታታይ ከፎል ሪቨር አልወጣም። ሮቨርስ ሁለቴ፣ ኦሊምፒክስ አንዴ፣ ኢስት ኤንድስ ሁለቴ። ሦስቱም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፣ ዋንጫው የቤተሰብ ዕቃ ሆኖ ነበር በሉት። ኋላም ከ1916 እስከ 1918 በብሔራዊው ዋንጫ ፍጻሜ ሮቨርስ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ከቤተልሔም ስቲል ጋር ተፋጠጠ። ቤተልሔም የፔንሲልቫኒያው ግዙፍ የብረት ኩባንያ ቡድን ነው። ኩባንያው ሁለቱን ወሰደ፣ ሸማኔዎቹ የመሀለኛውን።

አሁን «ፕሮፌሽናል» የሚለው ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። በ1921 አሜሪካን ሶከር ሊግ ተመሠረተ። በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ ያሉ ቡድኖች ደሞዝ እየከፈሉ የሚያጫውቱበት ሊግ ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ቡድኖች ነበሩ። ለምሳሌ በፓታኬት ያለው የጄ ኤንድ ፒ ኮትስ የክር ፋብሪካ ቡድን በ1923 ሊጉን በልቷል፣ አዎ፣ የስፌት ክር የሚያመርተው ኩባንያ። የፋብሪካ ቡድን አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ በፋብሪካው ሥራ ይሰጠዋል፣ ቅዳሜ ይጫወታል፣ ቡድኑ ቢከስርም ባለቤቱ ክር ሸጦ ይሸፍነዋል።

ማርክ ግን ፋብሪካ የለውም። የአካባቢው ነጋዴ ነው፣ የሚኖረው በበር ላይ በሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ ነው። ሰው ካልገባ ደሞዝ የለም። ሰው በብዛት የሚገባው ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛው ሙሉ ቀን በሚያርፍበት ቀን ነው፤ እሑድ። እዚህ ላይ ሕግ ብቅ አለ። ማሳቹሴትስ የጥንት ፒዩሪታኖች ያቋቋሟት ግዛት ናት፣ ሰንበትን የሚመለከት ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ እሑድ ገንዘብ አስከፍሎ ስፖርት ማሳየት ክልክል ነው። ፖሊስ ይመጣል፣ ጨዋታው ይቆማል።

ሰውየው ምን አደረገ መሰላችሁ? ሕጉን አልከሰሰም፣ አልለመነም። ድንበሩን አየ። ከፎል ሪቨር ወደ ደቡብ ትንሽ ሲሄዱ ማሳቹሴትስ ያልቅና ሮድ አይላንድ ይጀምራል። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሰዉ የተቀጣጠለ ነው፣ የሚለወጠው ሕጉ ብቻ ነው። ማርክ መስመሯን ገና እንደተሻገሩ፣ ኖርዝ ቲቨርተን የምትባል ቦታ ላይ፣ ወደ 15,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራ። ማርክስ ስታዲየም ብሎ ሰየመው (እንግዲህ ሰውየው ስሙን ይወዳል)። በአሜሪካ ለእግር ኳስ ብለው ከተሠሩ የመጀመሪያ ስታዲየሞች አንዱ ነው። የቤዝቦል ሜዳ ተውሶ መስመር ማስመር በተለመደበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እስቲ አንድ እሑድ አስቡት። ሰውየው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ከሕገ ወጥነት ወደ ሕጋዊነት በእግሩ ይሻገራል። ክለቡ በማሳቹሴትስ ከተማ ስም ይጠራል፣ ደጋፊው የማሳቹሴትስ ነው፣ ሜዳው ሮድ አይላንድ ነው። ከእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ብልጠት የወደድኩት ጥቂት ነው።

ገንዘቡ ሲገባ ተጫዋች መግዛት ተጀመረ። ማርክ ከገዛቸው ሁሉ ስሙ የሚነሳው ሃሮልድ ብሪታን ነው፤ ለቼልሲ የተጫወተ እንግሊዛዊ አጥቂ፣ በቤተልሔም በኩል ዞሮ ወደ ፎል ሪቨር የመጣ። ስሙን ያዙት፣ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ሌሎች ብዙዎች ከስኮትላንድ ነበሩ። የአሜሪካ ክለቦች የሚሰጡት ቀላል ነገር ነው፤ ከኳሱ ደሞዝ በተጨማሪ የፋብሪካ ሥራ። በስኮትላንድ የሥራ አጥነት ጊዜ ይሄ ማለት ሁለት ደሞዝ ነው። የአውሮፓ ክለቦች ተጫዋቾቻችን ውል እያፈረሱ ጠፉብን ብለው ጮኹ፣ ጉዳዩም በ1927 ፊፋ ደረሰ። ዛሬ አሜሪካ ጡረታ የወጣ ኮከብ ትሰበስባለች እየተባለ ይቀለዳል፣ ያኔ የሚቀለድበት አልነበረም፣ የሚፈራ ነበር።

ከውጭ የመጡት ብቻ ግን አይደሉም። ለኔ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል የሰፈር ልጆቹ ናቸው። ሁለት ልጥቀስ። ቢሊ ጎንሳልቬስ የፖርቹጋል ስደተኞች ልጅ ነው፣ ቁመቱ ረጅም፣ ምቱ ከባድ፤ «የአሜሪካ እግር ኳስ ቤብ ሩት» እያሉ ይጠሩት ነበር፣ ቤብ ሩት የቤዝቦል ንጉሣቸው ስለነበር። ከ1930 እስከ 1935 ብሔራዊውን ዋንጫ በየዓመቱ አንስቷል፣ ስድስት ዓመት በተከታታይ፣ ማሊያው እየተቀያየረ። ሌላው በርት ፓተኖድ ነው። የዚያችው የፎል ሪቨር ተወላጅ፣ አጥቂ፣ በ1930 ገና የ20 ዓመት ልጅ።

በ1930 የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ ተደረገ። ሁለቱም ተጠሩ። ሐምሌ 17 ቀን አሜሪካ ፓራጓይን 3 ለ 0 አሸነፈች፣ ሦስቱንም ያገባው ፓተኖድ ነው። የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ሀትሪክ ማለት ነው፣ የሸማኔዎቹ ከተማ ልጅ። ግን መዝገቡ ላይ ሁለተኛዋ ጎል ለሌላ ሰው ተጻፈች። ከሁለት ቀን በኋላ አርጀንቲናዊው ጊዬርሞ ስታቢሌ ሜክሲኮ ላይ ሦስት አገባና ለረጅም ዘመን «የመጀመሪያው» ሲባል ኖረ። ፊፋ መዝገቡን ያረመው በ2006 ነው። ፓተኖድ ደግሞ በ1974፣ በልደት ቀኑ፣ እዚያው ፎል ሪቨር ውስጥ አርፏል። 32 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ምሥክር ወረቀት!

አሜሪካ በዚያ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በአርጀንቲና 6 ለ 1 ተሸነፈች። የአሜሪካ ወንዶች ከዚያ ወዲህ በዓለም ዋንጫ እንደዚያ ርቀው አልሄዱም።

እሺ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? አንደኛው መልስ ጠብ ነው። በ1928 ሊጉና የአገሪቱ ፌዴሬሽን ተጣሉ፤ ሊጉ የብሔራዊው ዋንጫ ጨዋታ በውድድር ዘመናችን መሀል እየገባ ይበጠብጠናል ብሎ ክለቦቹ እንዳይሳተፉ አዘዘ፣ ቤተልሔምን ጨምሮ ሦስት ክለቦች እምቢ ብለው ገቡ፣ ሊጉ አባረራቸው፣ ፌዴሬሽኑም በአጸፋው ሊጉን አግዶ ተቀናቃኝ ሊግ አቆመበት። «የሶከር ጦርነት» ይሉታል። በ1929 ጥቅምት ታረቁ። በዚያው ወር የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ዕድል ማለት ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ጠቡ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ፎል ሪቨርን በተመለከተ የምስማማ አይመስለኝም። የማርክን ክለብ የገደለው ጥጥ ነው። የደቡብ ግዛቶች ርካሽ ጉልበትና አዳዲስ ማሽን ይዘው ስለመጡ የፎል ሪቨር ፋብሪካዎች በ1920ዎቹ እየተራ መዘጋት ጀምረው ነበር። በየካቲት 1928 በመፍረስ ላይ ከነበረ አሮጌ ፋብሪካ የተነሳ እሳት መሀል ከተማውን በላው። በ1931 የከተማው ካዝና ባዶ ሆኖ ግዛቱ ገንዘቡን የሚቆጣጠር ቦርድ ሾመበት። በበር ገንዘብ የሚኖር ክለብ፣ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ሥራ ካጣ ምን ይበላል? የፋብሪካ ቡድን ቢሆን ፋብሪካው ይሸከመው ይሆናል፤ ግን እሱም ዋስትና አልነበረም፣ ቤተልሔም ስቲልም በ1930 ፈርሷል።

ማርክ በ1931 መጀመሪያ ቡድኑን ይዞ ወደ ኒውዮርክ ነጎደ። እዚያ ካለ ክለብ ጋር አዋሃደውና ኒውዮርክ ያንኪስ አለው፣ በታዋቂው የቤዝቦል ቡድን ስም። ፎል ሪቨርስ ባዶ ቀረች? አልቀረችም። ያ ስሙን ያዙት ያልኳችሁ ሃሮልድ ብሪታን የፕሮቪደንስን ክለብ ይዞ ወደ ፎል ሪቨር አመጣው። ማርክ በአንዱ በር ሲወጣ አጥቂው በሌላው ገባ። ያንኪስ በዚያው ዓመት የብሔራዊው ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከቺካጎ ቡድን ጋር ተጫውቶ የመጀመሪያውን ጨዋታ 6 ለ 2 አሸነፈ፣ አምስቱን ያገባው ፓተኖድ። ዋንጫውንም ወሰደ፣ ግን ውድድሩን የጀመረው በድሮ ስሙ ስለነበር በዝርዝሩ ላይ ፎል ሪቨር ተብሎ ተጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ያንኪስና የብሪታን ቡድን ተዋህደው ኒው ቤድፎርድ ሄዱ። ሊጉ ራሱ በ1933 ፈረሰ።

ደሞዙ ሄደ እንጂ ኳሱ ከፎል ሪቨር አልሄደም። የፖርቹጋሎቹ አማተር ክለብ፣ ፖንታ ዴልጋዳ፣ በ1940ዎቹ የአገሪቱን የአማተር ዋንጫ ደጋግሞ ወሰደ። በ1950ው የብራዚል ዓለም ዋንጫ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ጆን ሱዛና ኤድ ሱዛ የሚባሉ ሁለት የፎል ሪቨር ልጆች ተሰልፈው ነበር። ወንድማማቾች አይደሉም፣ ዝምድናም የላቸውም፤ በፎል ሪቨር ሱዛ የሚባል ሰው ሞልቷል።