የስፖርት ጌሞች ቡድንና የትስስር መረብ ንድፈ ሐሳብ

የእግር ኳስ ጌም ላይ ቡድን ሲሠራ የብዙ ሰው ዓይን ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ የሚለካው ቁጥር ላይ ነው። 90 ያለው ካርድ ከ84ቱ ይበልጣል፣ አለቀ። ጌሞቹ ግን በዚህ ብቻ አይረኩም። ተጫዋቹ ከማን ጋር እንደተሰለፈም ይቆጥራሉ። ይሄኛው ስሌት ሶሺዮሎጂስቶች የማኅበራዊ ትስስር መረብ ከሚሉት ንድፈ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። ንድፈ ሐሳቡ ሰዎችን በነጥብ፣ ግንኙነታቸውን በመስመር ይስላል።

ዋናው ምሳሌ የፊፋ ጌም (ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሚባለው) አልቲሜት ቲም ነው፤ የተጫዋች ካርዶችን ሰብስበህ የራስህን ቡድን የምትሠራበት ክፍል። እስከ ፊፋ 22 ድረስ የአሰላለፉ ሰሌዳ ራሱ መረብ ነበር። ጎን ለጎን የቆሙ ተጫዋቾች በመስመር ይያያዛሉ። ክለባቸው አንድ ከሆነ፣ ወይም አገራቸውም ሊጋቸውም ከተመሳሰለ መስመሩ አረንጓዴ ነው። አገር ብቻ ወይም ሊግ ብቻ ከሆነ ብርቱካናማ ይሆናል። ምንም ከሌለ ቀይ። የአንድ ተጫዋች ኬሚስትሪ፣ ማለትም ከጓደኞቹ ጋር የመጣጣም ነጥቡ፣ እስከ 10፣ የቡድኑ እስከ 100 ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ደካማ ትስስር ጉልበት ጽፎ ነበር። የቅርብ ጓደኞችህ የሚያውቁት አንተም የምታውቀውን ነው። አዲስ ወሬ፣ ለምሳሌ የሥራ ወሬ፣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ትውውቅ ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ስብስቦችን የሚያገናኘው እሱ ነውና። ፊፋ 21 ላይ ቫራን ሪያል ማድሪድ፣ ካንቴ ደግሞ ቼልሲ ነበሩ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፈረንሳዊነት ብቻ ነው፤ ማለትም ብርቱካናማ መስመር። ግን ተከላካዩን ከስፔን ሊግ፣ አማካዩን ከእንግሊዝ ሊግ የሠራ ጌመር ቡድኑን አንድ የሚያደርግለት ይሄው ቀጭን መስመር ነበር። ሌላው ሶሺዮሎጂስት ሮናልድ በርት በ1992 ባወጣው ሥራ በስብስቦች መካከል ያለው ክፍተት ላይ የቆመ ሰው እንደሚጠቀም አስረድቷል። ጌመሮች በርትን ሳያነቡ በገበያው አሳይተውታል፤ ጥሩ ሊንክ ያለው፣ ማለትም ከብዙዎች ጋር በመስመር የሚያያዝ ካርድ ዋጋው ይወደድ ነበር።

በ2022 የወጣው ፊፋ 23 መስመሮቹን አጠፋቸው። አሁን ጎረቤት መሆን አያስፈልግም፤ ቁጥር ነው የሚታየው። ከአንድ ክለብ 2፣ 4 ወይም 7 ተጫዋች ሲሰለፍ ለእያንዳንዳቸው 1፣ 2 ወይም 3 ነጥብ ይሰጣል። ለአገር 2፣ 5 እና 8 ነው፤ ለሊግ 3፣ 5 እና 8። የአንዱ ጣሪያ 3፣ የቡድኑ 33 ሆነ። በንድፈ ሐሳቡ ቋንቋ ይህ ከሰው ለሰው መረብ ወደ ሰውና ማኅበር መረብ መሻገር ነው። ሰዎች የሚገናኙት አባል በሆኑበት ማኅበር በኩል ነው፣ ማኅበራትም በጋራ አባሎቻቸው በኩል። ሶሺዮሎጂስቱ ሮናልድ ብሬገር ይህን በ1974 አሳይቷል። ለጀማሪ ቀለለ። ሁለት ሊጎችን የሚያገናኝ ድልድይ ተጫዋች ፍለጋ ግማሽ ሌሊት ማምሸት ግን ቀረ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌሙ ጣዕሙን ያጣው ያኔ ነው።

እንደ አሰልጣኝ ሆነህ ቡድን የምትመራበት ፉትቦል ማናጀር የተባለው ጌም በሌላ መንገድ ሄዷል። ከ2018ቱ እትም ጀምሮ መልበሻ ክፍሉን ራሱን ያሳያል፦ የቡድን መሪዎች፣ ተሰሚነት ያላቸው፣ የቀሩት። ተጫዋቾቹ በጓደኝነት ቡድን ይከፈላሉ። መሪውን ብትሸጠው ኩርፊያው ለጓደኞቹም ይተርፋል። ቀጣዩ እትም ታዳጊን ከአንጋፋዎች ጋር በቡድን አድርጎ ጠባዩን የሚቀርጽበትን መንገድ አመጣ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልቲሜት ቲም የሚሸልመው መመሳሰልን ነው፣ ፉትቦል ማናጀር ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖም ያሰላል።

መመሳሰልን ከመግባባት ጋር አንድ ማድረግ ግን ያጠራጥራል። እውነተኛው ሜዳ ላይ ተመራማሪዎች መስመሩን የሚስሉት በፓስፖርት ሳይሆን በቅብብል ነው፤ ማን ለማን ስንት ጊዜ አቀበለ? ቶማስ ግሩንድ በ2012 ባሳተመው ጥናት የ760 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን ቅብብል አይቷል። ብዙ የሚቀባበሉና ኳሱን በአንድ ሰው ዙሪያ የማያከማቹ ቡድኖች የተሻለ ግብ ያገባሉ። አልቲሜት ቲም ላይ ኳሱን ሁሉ ለአንድ አጥቂ የምታሻግር ከሆነ ግን ከኬሚስትሪህ አንዲት ነጥብ አትቀነስም።