ብሩገል፦ ተረትና ምሳሌን መንደር ያደረገ ሰዓሊ

የ16ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ሰዓሊ የፒተር ብሩገልን ሥዕል መጀመሪያ ያየ ሰው ግራ ይገባዋል። ዋናው ባለታሪክ የቱ ነው? የለም። የተሳለው ሰፈሩ በሙሉ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1559 የሳለውን፣ ዛሬ በርሊን ያለውን የኔዘርላንድ ተረትና ምሳሌ ሥዕል እንይ። ቁመቱ 117፣ ወርዱ 163 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህች ጣውላ ላይ ከመቶ በላይ አባባሎች አንድ መንደር ውስጥ ተፋፍገው ይኖራሉ። አንዱ ጭንቅላቱን ከግንብ ጋር ያላትማል። ሌላው ጥጃው ሰምጦ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱን ይደፍናል፤ የእኛው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ነው። በሁለት መቀመጫ መሃል ወርዶ የተዘረጠጠም አለ፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያላለው ማን አለ? እኔን በጣም የሚያስቀኝ ግን ሰዎቹ አለመሳቃቸው ነው። እያንዳንዱ ከንቱ ሥራውን በሙሉ ልቡ፣ ኮስተር ብሎ ይሠራል።

ይህን ከየት አመጣው? አንዱ ምንጭ በ1516 የሞተው፣ በጋኔን ሥዕሎቹ የታወቀው ሰዓሊ ሂሮኒመስ ቦሽ ነው። ብሩገል የሳለው «ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይበላል» በ1557 ታትሞ ሲወጣ የተጻፈበት ስም የቦሽ ነበር፤ የሟቹ ስም ገበያ ነበረዋ! ከቦሽ የወሰደው ከላይ ሆኖ ሰፊ ቦታ ማየትንና ብዙ ታሪክ በአንዴ ማውራትን ነው። ጋኔኖቹን ግን ቀስ በቀስ ትቶ ጎረቤቶቹን ሳለ። ለእኔ ትልቁ እርምጃው ይሄ ነው። ዘመኑም አግዞታል፤ ኢራስመስ የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ የጥንት አባባሎችን ሰብስቦ ካሳተመ ወዲህ ምሳሌ መሰብሰብ የተማሩ ሰዎች ፍቅር ሆኖ ነበር። ብሩገል ጣሊያንም ሄዷል፤ ይዞ የተመለሰው ግን ከሐውልቶቹ ይልቅ የአልፕስ ተራሮችን ነው።

በ1604 ታሪኩን የጻፈው ካረል ፋን ማንደር እንደሚለው፣ ብሩገል ከነጋዴ ወዳጁ ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ፣ ስጦታ ይዞ፣ ዘመድ ነኝ እያለ ሠርግ ይገባ ነበር። በገበሬዎች ያላግጣል የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1567 አካባቢ የሳለውን የገበሬ ሠርግ ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ሰዎች ምግቡን በተነቀለ በር ላይ ደርድረው እንደ ቃሬዛ ተሸክመውታል። ሙሽሪት እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ዝም ብላለች። ከፊት ደግሞ ትልቅ ባርኔጣ ዓይኑን የሸፈነው ሕፃን መሬት ተቀምጦ ሳህኑን በጣቱ እየጠረገ ይልሳል።