የኤሲ ቶን ምንድን ነው? «ትልቁን አስገጥም» የሚላችሁን አትስሙ

ያው ሰመር ገባ፣ ያው ወሬ ተጀመረ። ሙቀቱ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ 90 ፋራናይት ሲያልፍ አንዱ «ቤቴ አልቀዘቅዝ አለኝ፣ የመብራት ቢሉም ገደለኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ወዲያው አንድ አዋቂ ብቅ ይልና «ባለ 3 ቶኑን ጥለህ ባለ 5 ቶን አስገጥም፣ ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚጠፋ መብራት ይቆጥብልሃል» ይለዋል። ላይኩ ደሞ አይጣል ነው። ወንድሜ፣ እኔ የኤሲ ሰራተኛ ነኝ፣ ያንተን ምክር የሰሙ ሰዎች ቤት ነው ውሎዬ፣ እና እስኪ ዛሬ ይሄን ነገር እንነጋገርበት።

ቶን ማለት የማሽኑ ክብደት አይደለም፣ ኤሲው በአንድ ሰዓት ከቤት ጎትቶ የሚያወጣው የሙቀት መጠን ነው፣ አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው)። ድሮ በበረዶ ብሎክ ሲቀዘቀዝ ከነበረበት ጊዜ የቀረ መለኪያ ነው፣ 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት፣ በቃ። የእናንተን ለማወቅ ውጪ ያለው ማሽን ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር እዩ፣ ብዙዎቹ ላይ መሀል ውስጥ 024፣ 030፣ 036፣ 048 ወይ 060 የሚል አለ፣ ለ12 አካፍሉት። 036 ከሆነ 3 ቶን ነው።

ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የማይታወቀው ኤሲ ሁለት ስራ እንዳለው ነው፣ አየሩን ማቀዝቀዝ እና ከአየሩ ውስጥ ውሃውን ማውጣት። ቴርሞስታቱ (ግድግዳው ላይ ሙቀቱን አይቶ ኤሲውን የሚያበራና የሚያጠፋው) የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛን እዚህ የሚገድለን ደሞ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ወበቁ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ጁላይ ላይ የሚደነግጠው በሱ ነው። ለነገሩ ዊሊስ ካሪየር በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ዲዛይን ያደረገው ሰው ሞቀው ተብሎ አይደለም፣ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለሙ አልገጥም ስላለ ነው። እርጥበቱን ማውጣት ከጥንቱ የኤሲ ስራ ነው፣ በኋላ የተጨመረ ነገር አይደለም።

ሜክሲኮ ላይ ሳሪስ የሚጭን ሚኒባስ አስቡ። ታክሲው የኤሲው ኮይል ነው (ቤት ውስጥ አየሩ የሚያልፍበት ቀዝቃዛው ቱቦ)፣ ሾፌሩ ቴርሞስታቱ፣ ተሳፋሪው አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ። ኤሲው ሲነሳ ኮይሉ መጀመሪያ ራሱ መቀዝቀዝ አለበት፣ ከዛ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ እያለ በቱቦው እስኪወርድ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ይሄ ሰው የሚገባበት ጊዜ ነው። 5 ቶኑ ግን ትዕግስት የለውም፣ ቴርሞስታቱ ያለበትን ኮሪደር በ6 በ7 ደቂቃ ያቀዘቅዝና ይጠፋል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ነዳጅ አቃጥሎ ገና ሁለት ሰው ሲገባ «ደርሰናል» አለ በሉት። ፋኑን «ኦን» ላይ ትታችሁት ከሆነ ደሞ ኮይሉ ላይ የቀረውን ጤዛ መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል፣ ማለት ወያላው የገቡትንም ሁለት ሰዎች እዛው ሜክሲኮ ያወርዳቸዋል፣ ሒሳብ ግን ተቀብሏል። ሒሳቡ የመብራት ቢላችሁ ነው።

እና «ይቆጥባል» የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው። ቴርሞስታቱ 74 ይላል፣ ቤቱ ግን ይጣበቃል፣ አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ስለዚህ ሰውየው ወደ 70 ያወርደዋል፣ ከዛ ወደ 68። አሁን ቤቱ ቀዝቃዛ እና እርጥብ ሆነ፣ እንደ ዋሻ፣ ቢሉም ወጣ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ሳሎን አስቀምጡ፣ ኤሲው እየሰራ ከ60 ፐርሰንት በላይ ከቆየ ችግር አለ፣ ሻጋታም ይከተላል። በጣም ሞቃት በሆነ ከሰዓት ልኩ የሆነ ኤሲ ብዙም ሳያርፍ ይሰራል፣ እሱ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ።

«እኛ ሀበሾች እንግዳ ስለሚበዛብን ትልቅ ነው የሚያስፈልገን» የሚል ክርክርም አይቻለሁ። እሺ እናስላው፣ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 400 ቢቲዩ ገደማ ይለቃል፣ 30 ሰው ክርስትና ላይ ቢመጣ አንድ ቶን ነው፣ ልክ ነህ። ግን በዓመት ለሁለት ቅዳሜ ብለህ ዓመቱን ሙሉ በወበቅ ትኖራለህ? የዛን ቀን ከጠዋቱ ጀምረህ ቤቱን ቀድመህ አቀዝቅዘው። ከእንግዳው ይልቅ እኔ የምፈራው ምጣዱን ነው፣ ባለ 1,500 ዋቱ ምጣድ ሲቃጠል በሰዓት 5,100 ቢቲዩ ይለቃል፣ ግማሽ ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ እንፋሎቱ ሳይቆጠር። የ3 ቶን ኤሲ ሰባተኛውን ያህል እንጀራው ላይ ጨረሳችሁት ማለት ነው። በጠዋት ጋግሩ፣ ወይ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍታችሁ።

ሌላው ዳክት ነው፣ አየሩን ወደ ክፍሎቹ የሚወስደው ቱቦ። ለአንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፊት ያህል አየር ያስፈልጋል፣ ለ3 ቶን የተሰራ ዳክት ላይ 5 ቶን ስትሰኩ 1,200 የሚያሳልፈውን ቱቦ 2,000 አሳልፍ ማለት ነው፣ ይጮሃል፣ ኮይሉ በረዶ ይሰራል፣ ከዛ «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ጋዝ ደሞ እንደ መኪና ነዳጅ አያልቅም!! ዝግ ሲስተም ነው፣ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። በየዓመቱ እየመጣ ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ቀዳዳውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

«ኢንቨርተር ከሆነ ቶን ችግር የለውም» ለምትሉት፣ ግማሽ እውነት ነው። ኢንቨርተር ኤሲ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይጠፋም፣ ግን የመጨረሻ ዝቅተኛው ወለል አለው፣ በጣም ትልቅ ከገዛችሁ ያ ዝቅተኛው ራሱ ለቤቱ ይበዛበታል። ሲርም ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ምን ያህል መብራት ቆጣቢ እንደሆነ ነው የሚነግራችሁ፣ ከ2023 ጀምሮ እዚህ አካባቢ ለሚገጠም አዲስ ባለ 3 ቶን ስፕሊት ኤሲ ዝቅተኛው 14.3 ሲር ቱ (አዲሱ የሲር አለካክ) ነው፣ ከቶን ጋር አታምታቱት። ጅዳና ዱባይ ያላችሁ የጻፍኩት በደንብ ይመለከታችኋል፣ ሪያድ ያላችሁ ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ የእርጥበቱን ክፍል ዝለሉት፣ እናንተ ጋ በውሃ የሚሰራው ኩለር እንኳን ይሰራል፣ ጅዳ ላይ ግን ወበቅ መጨመር ነው።

ኮንትራክተር ሲመጣ ስኩዌር ፊቱን ብቻ ጠይቆ ለ500 አካፍሎ «4 ቶን» ካላችሁ ሸኙት። መሀል ላይ ያለ ታውንሀውስና ጠርዝ ላይ ያለው ስፋታቸው አንድ ቢሆንም ጭነታቸው አንድ አይደለም፣ የምዕራብ መስኮት፣ የአቲኩ (ጣራ ስር ያለው) ኢንሱሌሽን ማለት የሙቀት መከላከያው፣ የሚያፈስ ዳክት ሁሉ ይቆጠራል። ማኑዋል ጄ የሚባል ይሄን ሁሉ ቆጥሮ የቤቱን ጭነት የሚያወጣ ስሌት አለ፣ ሰርተህ አሳየኝ በሉት። ብዙ ጊዜ ኢንሱሌሽኑና ዳክቱ ከተስተካከለ የድሮው 3 ቶን ራሱ ይበቃል፣ እንደውም ቀጣዩ 2.5 ሊሆን ይችላል።

ትልቁን አስገጥማችሁ ለጨረሳችሁ፣ አሁን ነቅላችሁ አትጣሉት። ፋኑን «አውቶ» ላይ አድርጉት፣ ቴክኒሻን ጠርታችሁ የብሎወሩን (አየሩን የሚነፋውን ፋን) ፍጥነት ለአንድ ቶን በደቂቃ ወደ 350 ኪዩቢክ ፊት ያውርድላችሁ፣ ቤዝመንት ውስጥ ዲሂዩሚዲፋየር (እርጥበት የሚያወጣ ማሽን) አስገቡ፣ እሱም ግን ራሱ ሙቀት ስለሚለቅ 45 ፐርሰንት ላይ ሳይሆን 55 አካባቢ አድርጉት። የጣራ ፋን ካለ ቴርሞስታቱን 4 ፋራናይት ያህል ከፍ ብታደርጉት ልዩነቱን አታውቁትም፣ ከክፍሉ ስትወጡ ግን አጥፉት፣ ፋን ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም።