የጥርስ ኢምፕላንት ጥምዝ እና የመጀመሪያው ጥብቀት

የጥርስ ኢምፕላንት በጠፋ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብሎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም ይሠራል። በገባበት ቀን እንዳይነቃነቅ አጥንቱን ነክሶ የሚይዘው በዙሪያው የተቀረጸው ጥምዝ ነው። ይህ የመጀመሪያ ጥብቀት ይባላል። አዲስ አጥንት ገና ስላልበቀለ፣ በዚያን ቀን ሸክሙ ሁሉ በብረቱና በነባሩ አጥንት ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ስዊድን ነው። ተመራማሪው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን በታይታኒየም መሣሪያ ያጠና ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተናድዶ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ተከታተለው። በ1965 ጎተንበርግ ውስጥ የመጀመሪያውን ታካሚ አከመ። የእሱ ኢምፕላንት ወጥ ውፍረት ያለው፣ ገጹ ለስላሳ የሆነ ብሎን ነበር። የታወቀው መጠኑ 3.75 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ ከጥምዝ እስከ ጥምዝ 0.6 ሚሊሜትር ነበር። ከገባ በኋላ በድድ ተሸፍኖ ታች መንጋጋ ላይ 3 ወር፣ ላይ መንጋጋ ላይ 6 ወር ገደማ ይጠበቅ ነበር። በ1982 የተካሄደው የቶሮንቶ ጉባኤ ሥራውን ለሰሜን አሜሪካ አስተዋወቀ።

ያ ሁሉ ጥበቃ ምክንያት ነበረው። ኢምፕላንቱ ከ150 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ከተነቃነቀ፣ ዙሪያውን በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል። ሳይጠብቅ ቶሎ ጥርስ ለመትከል የፈለገ ሰው ታዲያ ጥብቀቱን ከጥምዙ መፈለጉ ግድ ሆነ።

አጥንት ሲጨመቅ ጠንካራ ነው፤ ጎን ለጎን በሚያንሸራትት ጫና ግን ደካማ። አራት ማዕዘን ጥምዝ የማኘክ ጫናን ወደ መጭመቅ ስለሚቀይር ለአጥንቱ የተሻለ ነው ይባላል። ሹል ጥምዝ ደግሞ ወደ አጥንቱ በቀላሉ ይገባል። ጥምዞቹ ሲቀራረቡ አጥንቱን የሚነካው ገጽ ይሰፋል። ድርብ ጥምዝ ያለው ኢምፕላንት በአንድ ዙር እጥፍ ርቀት ስለሚጓዝ ቶሎ ይገባል። ይህ ጥብቀቱን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም በሚለው ግን ስምምነት የለም።

ዋናው ጉዳይ የጥምዙ ጥልቀት ነው። ሌክሆልም እና ዛርብ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 የመንጋጋ አጥንትን በአራት ደረጃ ከፈሉት። አራተኛው ስስ ቅርፊትና ሳሳ ያለ ውስጥ ያለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ላይ መንጋጋ ኋላ በኩል ይገኛል። እዚያ ጠለቅ ያለ ጥምዝና ወደ ጫፉ የሚቀጥን ኢምፕላንት በደንብ ይይዛል። ጉድጓዱን ጠበብ አድርጎ መሰርሰርም ያግዛል። ያው ጥምዝ ጠንካራ አጥንት ላይ ሲሞከር ግን ቁልፉ አልዞር ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለጥምዙ መንገድ መቅረጽ ያስፈልጋል። ለሁሉም አጥንት የሚሆን ጥምዝ የለም።

ጥብቀቱ የሚለካው አንድም ሲጠብቅ በሚያስፈልገው ኃይል ነው። ወዲያው ጥርስ ለመግጠም ብዙ ሐኪሞች 35 ኒውተን ሴንቲሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ ነው) ይፈልጋሉ። ሌላው መንገድ ኢምፕላንቱ ላይ ትንሽ ዘንግ አስሮ በመግነጢስ ማንዘር ነው፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 100 ይነበባል፤ ከ70 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከልክ በላይ ማጥበቅ አጥንቱን ይገድላል የሚሉ አሉ፤ ጉዳት አላየንም የሚሉም አሉ። ከገባ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነባሩ አጥንት ይሟሟል፣ አዲሱ ግን ገና አይጠናም። ጥብቀቱ ይበልጥ የሚፈተነው ያኔ ነው።