በባክቴሪያ የተብላላ የሕፃናት ወተት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ፋርማሲ ገብታ የቆርቆሮ ወተት የምታገላብጥ እናት፣ አንዱ ላይ «ፕሮባዮቲክ»፣ ሌላው ላይ «የተብላላ» የሚል ብታነብ ሁለቱ አንድ ቢመስሏት አይፈረድባትም። አንድ ግን አይደሉም። ያን ሁሉ ብር ከመቁጠር በፊት ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል።

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው። ሕያው የሚለው ይሰመርበት። ለሕፃናት ወተት ከሚመረጡት ዋነኛው ቢፊዶባክቴሪያ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ቲሲዬ እ.ኤ.አ. በ1899 ያገኘው ጡት ከሚጠባ ሕፃን ዓይነ ምድር ነው። በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው ስኳሮች አሉ፤ የቢፊዶባክቴሪያ ቀለብ እነሱ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ እነዚያን እየበሉ አሲድ ያመነጫሉ፣ ተቅማጥ አምጪዎቹንም ቦታና ምግብ ይሻሟቸዋል።

የተብላላው ወተት ሌላ ነው። እርጎ እንደሚረጋው ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ ባክቴሪያ ይጨመርበትና ይብላላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ኋላ በሙቀት ስለሚያልፍ ባክቴሪያው ይሞታል። የሚተርፈው ባክቴሪያው ሠርቶ የተወው ነገርና የራሱ በድን ነው። ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ወር የሆኑ 971 ሕፃናት ታይተው ነበር። የተብላላውን የጠጡት በተቅማጥ መያዛቸው አልቀነሰም፤ ሲይዛቸው ግን ቀለል ብሎላቸዋል። ሕያው ባክቴሪያ የተጨመረበት ወተትም እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ተሞክሯል፦ ሆስፒታል ከተኙ 55 ሕፃናት መካከል ተራውን ወተት ከጠጡት 31 በመቶው፣ ባክቴሪያ ያለበትን ከጠጡት 7 በመቶው ብቻ በተቅማጥ ተያዙ። ደስ ይላል፤ ግን 55 ልጅ ትንሽ ነው፣ ሆስፒታልም ቤት አይደለም።

ቆርቆሮው ላይ ጎላ ብሎ የማይጻፍ ጉዳይ ደግሞ አለ። የዱቄት ወተት ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውኃ እንዲበጠበጥ ይመክራል፤ የፈላው ውኃ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ወተቱ የተገዛለት ሕያው ባክቴሪያም አብሮ ይሞታል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ሙቁን ውኃ ነው።

«ታዲያ የቤታችንን እርጎ ብንሰጠውስ?» የሚል አይጠፋም። እርጎ ብዙ ጊዜ ካልፈላ ወተት በራሱ ጊዜ የሚረጋ ነው፤ ውስጡ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ አይታወቅም። ዓመት ላልሞላው ልጅ የጡት ወተትን አይተካም።

ተቅማጥን በመከላከል ረገድ የተፈተነው የሮታ (ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ) ክትባት ነው፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ልጁ ከታመመም ጡቱ ሳይቋረጥ ኦአርኤስና ዚንክ ይጀመርለታል። ዚንኩ ከ6 ወር በታች ላለ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20 ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን አይቋረጥም።