ቅዱስ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ብለን ጠይቀነው እናውቃለን?

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የአዲስ ዓመት ዕቅዳችሁን ስትለጥፉ አየሁ። ኮንዶሚኒየም፣ መኪና፣ ትዳር፣ ዲቪ፣ የራስ ሱቅ። ከሥሩ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ተጽፏል። ማቀድ ኃጢአት አይደለም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ጌታችን ራሱ ተናግሯል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ያንን ቃል የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። አንድ ቁጥር ከፍ ብላችሁ አንብቡት፤ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል። መጉደልን የቻለ ሰው ቃል ነው። እኛ ግን ከመብዛት በቀር ምንም ላንማርበት ጠቀስነው።

እስቲ ባለ በዓሉን እንስማው። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን የምትከፍተው በመጥምቁ ዮሐንስ ነው። አባቶቻችን ቀኑን «ቅዱስ ዮሐንስ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ዮሐንስ በዮርዳኖስ ሲሰብክ ሕዝቡ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» (ሉቃስ 3፥10)። መልሱን ልብ በሉ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል። ቀራጮቹን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ጭፍሮቹን ደግሞ «በማንም ግፍ አትሥሩ፥ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፥ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው።

እሱ ራሱ የግመል ጠጉር ለብሶ፣ አንበጣና የበረሃ ማር እየበላ የሚኖር ባሕታዊ ነው። ግን ሥራችሁን ትታችሁ ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም። ቀራጩን ወደ ቀረጥ ቦታው መለሰው። ዕቅዱን እዚያው፣ ገንዘብ በሚቀበልበት እጁ ላይ ሰጠው። ያውም ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለውን።

እኛስ? ለበዓል ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚደባልቀው ነጋዴ እኮ የኛው ሰው ነው። ጾም አይገድፍም፤ ዓመታዊ ንግሥ አያመልጠውም። ሲመሽ ተሳፋሪው መሄጃ እንደሌለው አይቶ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቀው ረዳት አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ «ነገ ይምጡ» እያለ ሽማግሌ የሚያመላልስ፣ የሻይ እስኪሰጠው የሚጠብቅ፣ እሱም እሑድ ያስቀድሳል። እነዚህ ሁሉ ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ አላቸው። ዕቅዱ ውስጥ ግን ያ ሽማግሌ የለም። ወገኖቼ፣ ይሄ ያስለቅሳል።

«ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችሁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፈው ወር አያደርስም። ዮሐንስ ድህነት ደስ ይበላችሁ አላለም። ተጨማሪ ሥራ አትፈልጉ፣ ሙያ አትማሩ፣ የሚገባችሁን አትጠይቁ አላለም። የጎደለውን በድሃ ላይ አትሙሉት ነው ያለው። የሻይ ሳትቀበሉ፣ ሚዛን ሳትነኩ፣ በብድርም በዕቁብም እየተሯሯጣችሁ ወሩን የምትገፉ እናንተን ደግሞ እግዚአብሔር ያያችኋል። ዘንድሮም ቤት አልሠራንም፣ ከእኩዮቻችን ወደ ኋላ ቀረን ብላችሁ አንገታችሁን አትድፉ። መጥምቁ ከጠየቀው አንጻር ከብዙ ባለ ፎቅ ቀድማችኋል።

በማግስቱ መስከረም 2 የዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት መታሰቢያ ነው። ያስቆረጠው ሄሮድስ ስብከት የሚጠላ ሰው አልነበረም። ማርቆስ «በደስታም ይሰማው ነበር» ይላል። ይሰማል፣ ደስ ይለዋል፣ የወንድሙን ሚስት ሄሮድያዳን ግን አይለቅም። ስብከት ከስልካችን የማይጠፋ እኛ እዚህ ጋ ብንደነግጥ ጥሩ ነው። ደግሞ ሄሮድስ ቃሉን ጠባቂ ነበር እኮ! በልደቱ ግብዣ ላይ ለዘፈነችለት ለሄሮድያዳ ልጅ እስከ መንግሥቴ እኩሌታ ብሎ የማለላትን ፈጸመ፤ እንግዶቹን አፍሮ የነቢዩን ራስ በወጭት አስመጣ። ስለዚህ «ያቀድኩትን ሁሉ አሳካሁ» የሚል ሰው ሲመሰክር ወዲያው እልል አንበል። ምን አቀደ? ለማሳካትስ ማን ተጎዳ?

ዝርዝራችሁን ቅደዱት አልልም። መስቀል ሳይደርስ የንስሐ አባታችሁ ጋ ይዛችሁት ሂዱ። መጀመሪያ ሥራችሁን በግልጽ ንገሯቸው፤ ምን እንደምትሸጡ፣ ከማን ገንዘብ እንደምትቀበሉ፣ ስንት እንደምታተርፉ። ከዚያ «አባ፣ ምን ላድርግ?» በሏቸው። ለተከራይህ ያለ አግባብ የጨመርከውን ኪራይ ቀንስ ካሉህ፣ የዓመቱን ዕቅድ ከዚያ ጀምር። ለሠራተኛሽ ያስቀረሽባትን ደመወዝ ክፈዪ ካሉሽም እሱን አንደኛ ቁጥር ላይ ጻፊው። መኪናው ከሱ በታች ይጻፍ።