የነጥብ ኢሚግሬሽን ምንድን ነው? ባለሙያ አመልካች እንዴት ይመዘናል?

የነጥብ ኢሚግሬሽን ማለት አንድ አገር ከውጭ መጥቶ መኖርና መሥራት የሚፈልግን ባለሙያ በቁጥር መዝኖ የሚመርጥበት መንገድ ነው። ዕድሜ ነጥብ አለው። ትምህርት ነጥብ አለው። ቋንቋና የሥራ ልምድም እንዲሁ። ሁሉም ይደመርና ድምሩ ይወስናል። እንደ ዲቪ ሎተሪ ዕጣ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም። የነጥብ ሠንጠረዡም በይፋ የታተመ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ቤቱ ቁጭ ብሎ የራሱን ነጥብ ማስላት ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ነጥቡን ሳያውቅ ለደላላ ስለሚከፍል ነው። ሌላው ደግሞ ጊዜውንና ጉልበቱን ነጥብ በማይገኝበት ቦታ ያፈስሳል። ሁለተኛ ዲግሪ ልጨምር ብሎ ሁለት ዓመት ይማራል፤ የቋንቋ ፈተናውን ግን ለደንቡ ያህል ገብቶ ይወጣል። ሠንጠረዡን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አያደርግም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ በቁጥር እናያለን።

መጀመሪያ ሐሳቡ ከየት መጣ? ከካናዳ ነው። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1962 ድረስ ካናዳ ማንን እንደምታስገባ ስትወስን የሰውየው ዘርና የመጣበት አገር ትልቅ ቦታ ነበረው። በ1962 የወጣው ደንብ ይህን ከሞላ ጎደል አስቀረ። ነገር ግን በምትኩ የኢሚግሬሽን ሹሙ በምን ይመዝን? መልሱ በ1967 መጣ። ከ100 ነጥብ 50 ያገኘ ያልፋል ተባለ። ለትምህርትና ሥልጠና እስከ 20 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ ችሎታ ግን 10 ብቻ። 15 ነጥብ ደግሞ ሹሙ አመልካቹን ፊት ለፊት አነጋግሮ በራሱ ግምት የሚሰጠው ነበር። ይህ የግል ግምት ዛሬ ቀርቷል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። አውስትራሊያም ለነጮች ብቻ ቅድሚያ የሚሰጠውን ፖሊሲዋን በ1973 ከዘጋች በኋላ በ1979 ወደ ነጥብ ገባች። ኒውዚላንድ በ1991 ተከተለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁለት ዓይነት የነጥብ አሠራር አለ። አንደኛው በማለፊያ ነጥብ ነው፤ የተወሰነውን ቁጥር የደረሰ ሁሉ ያልፋል። ሁለተኛው በደረጃ ነው። አመልካቾች በአንድ ቋት ውስጥ ይገባሉ፣ በነጥባቸው ከላይ ወደ ታች ይሰለፋሉ፣ መንግሥት በየጊዜው ከላይ ጀምሮ የሚፈልገውን ያህል ሰው ይጋብዛል። እዚህ ላይ ቋሚ ማለፊያ የለም። የመጨረሻው የተጋበዘ ሰው ነጥብ ነው የዚያ ዙር መቁረጫ የሚሆነው።

ድሮ ሁሉም በማለፊያ ነጥብ ይሠሩ ነበር። ችግሩ ያለፈው ሰው አገሪቱ በዓመት ከምትቀበለው ሲበልጥ ወረፋ ይፈጠራል። ካናዳ ውስጥ ወረፋው ዓመታት የሚፈጅ ሆነ። በ2012 መንግሥት ከየካቲት 2008 መጨረሻ በፊት የገቡና ገና ያልታዩ የባለሙያ ማመልከቻዎችን በሕግ ሰረዘ። ነጥቡን አሟልቶ ዓመታት የጠበቀ ሰው ገንዘቡ ተመልሶለት ከሰልፉ ወጣ። እንዲህ ዓይነቱን ክምችት ለማስቀረት ነው የቋት አሠራር የመጣው። ኒውዚላንድ በ2003 ጀመረችው፣ አውስትራሊያ በ2012፣ ካናዳ ደግሞ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚል ስም በጥር 2015።

ካናዳ ዛሬ ሁለቱንም ደርባ ትጠቀማለች። ግራ መጋባቱም ከዚህ ይመጣል። ከውጭ የሚያመለክት ባለሙያ መጀመሪያ ከ100 ነጥብ 67 ማግኘት አለበት። ይህ ወደ ቋቱ መግቢያ በር ብቻ ነው። ቋቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ከ1,200 በሚቆጠር ሌላ ሠንጠረዥ እንደገና ይመዘናል። «67 ነጥብ አለኝ፣ አልፌያለሁ» የሚል ሰው ስሰማ አዝናለሁ። ያለፈው ለመወዳደር ነው እንጂ ለመሄድ አይደለም።

ትልቁን ሠንጠረዥ በምሳሌ እንየው። አንዲት 29 ዓመት የሆናት፣ ያላገባች መሐንዲስ እናስብ። የመጀመሪያ ዲግሪ አላት። ከካናዳ ውጭ ሦስት ዓመት ሠርታለች። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈትና በማዳመጥ 7.5፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በንግግር 6.5 አምጥታለች። በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ይህ ደረጃ 8 ይባላል።

ለዕድሜዋ 110 ታገኛለች። ከ20 እስከ 29 ያለ ያላገባ ሰው የሚያገኘው ከፍተኛው ነው። ለዲግሪዋ 120። ለቋንቋ በእያንዳንዱ ክህሎት 23፣ በአራቱ 92። እስካሁን 322 ሆነ። ከዚያ ካናዳ ትምህርትንና ልምድን ከቋንቋ ጋር አጣምራ ሌላ ነጥብ ትሰጣለች። ሐሳቡ «ዲግሪህ የሚጠቅመን በቋንቋችን ልትሠራበት ከቻልክ ነው» የሚል ነው። በዚህ 38 ይጨመርላታል። ድምር 360።

አሁን ምን ታድርግ? አንዱ ምርጫ ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት ትማራለች እንበል። የትምህርት ነጥቧ ወደ 135 ይወጣል፣ የጥምሩም ነጥብ 50 ይሆናል። ግን 31 ዓመት ሞላት። የዕድሜ ነጥቧ ወደ 99 ወረደ። አዲሱ ድምር 376 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍታ ያገኘችው 16 ነጥብ ነው።

ሌላው ምርጫ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ነው። ማዳመጥን ወደ 8፣ ሦስቱን ወደ 7 ካደረሰች ደረጃ 9 ገባች። በእያንዳንዱ ክህሎት የጨመረችው ግማሽ ነጥብ ነው። የቋንቋ ነጥቧ ከ92 ወደ 124 ይዘላል። የጥምሩ ደግሞ ከ38 ወደ 75። ድምሯ 429 ሆነ፤ 69 ነጥብ ጨመረች ማለት ነው። የዕድሜ ነጥቧ አልተነካም፣ የትምህርት ክፍያም የለም።

አንድ ወጥመድ አለ። የጥምሩ ነጥብ የሚያድገው አራቱም ክህሎቶች ደረጃ 9 ሲደርሱ ብቻ ነው። ሦስቱን አድርሳ ጽሑፍ ግን 6.5 ላይ ቢቀርባት ድምሯ 384 ላይ ይቆማል። ጽሑፍ ላይ የቀረችው ግማሽ ነጥብ ብቻዋን 45 ነጥብ ወሰደችባት። ብዙ ጎበዝ ሰው የሚቀረው እዚችው የጽሑፍ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ምን ላድርግ ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ አንድ ነው፦ የጽሑፍ ውጤትህን አሳየኝ።

429 ይበቃል ወይ? ሁልጊዜ አይበቃም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአጠቃላይ ዙሮች መቁረጫ ከ500 በላይ ሲሆን አይተናል። መቁረጫው ግን የሰልፉና የመንግሥት ፍላጎት ውጤት ስለሆነ አይጨበጥም። የካቲት 13 ቀን 2021 በኮሮና ምክንያት ድንበር በተዘጋበት ወቅት፣ አብዛኛዎቹ ካናዳ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ያካተተ አንድ ዙር 75 ነጥብ ድረስ ወርዶ ከ27,000 በላይ ሰው ጋብዟል። በ75 ነጥብ! ያንን ዙር አይቶ ዛሬ ተስፋ ማድረግም፣ የዛሬውን ከፍታ አይቶ ለዘለዓለም መተውም አያዋጣም።

ከዚህ በላይ ለመውጣት ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። መሐንዲሳችን በአራቱም የፈረንሳይኛ ክህሎቶች ደረጃ 7 ብትደርስ 62 ነጥብ ይጨመርላታል፤ 491 ትሆናለች። ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ካናዳ ከ2023 ጀምሮ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችና ለተመረጡ ሙያዎች፣ ለምሳሌ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለብቻ ዙር ታወጣለች። የፈረንሳይኛው ዙር መቁረጫ ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው መንገድ የክፍለ ግዛት እጩነት ነው። አንድ ክፍለ ግዛት ከመረጠህ 600 ነጥብ በአንዴ ይጨመርልሃል፤ ግብዣው ይመጣል ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ካናዳ ውስጥ መሥራት ነው። የአንድ ዓመት የካናዳ ልምድ ብቻውን 40 ነጥብ አለው። የሥራ ቅጥር ደብዳቤም ድሮ 50 ወይም 200 ነጥብ ነበረው። ደብዳቤው በገንዘብ የሚሸጥ ሸቀጥ እየሆነ ስለመጣ መጋቢት 25 ቀን 2025 ነጥቡ ተነሳ። ዛሬም «ነጥብ የሚያስጨምር የሥራ ደብዳቤ አለኝ» ብሎ ለካናዳ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሽሹት።

የሌሎቹ አገሮች ስሌት አጠር ያለ ነው። አውስትራሊያ ቢያንስ 65 ነጥብ ትጠይቃለች፤ በተግባር ግን ብዙ ሙያዎች ላይ ግብዣ የሚደርሰው ከዚያ በላይ ላለው ነው። ከ25 እስከ 32 ዓመት ያለ ሰው ለዕድሜው ብቻ 30 ያገኛል፣ 45 የሞላው ግን ጭራሽ አይጋበዝም። አይኤልትስ በሁሉም 6 ያመጣ ለእንግሊዝኛው ዜሮ ያገኛል፣ 7 ያመጣ 10፣ 8 ያመጣ 20። እዚህም ቋንቋው ያው ኃይል አለው። ጀርመን በሰኔ 2024 የጀመረችው የዕድል ካርድ 6 ነጥብ ብቻ ይጠይቃል። እሱ ግን ለአንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ ነው እንጂ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በእጅ የሚሰጥ አይደለም። ጀርመንኛ እስከ 3 ነጥብ፣ ከ35 ዓመት በታች መሆን 2 ነጥብ አለው። እንግሊዝም አሠራሯን «በነጥብ» ብላ ትጠራዋለች፤ ነገር ግን ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ከሌለ ሌላው ነጥብ ምንም አያመጣም። በእኔ አመለካከት ያ የቀጣሪ ቪዛ ነው።

ዕድሜ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? አገሮቹ ሒሳቡን የሚሠሩት ሰውየው ስንት ዓመት ሠርቶ ግብር ይከፍላል ብለው ነው። በካናዳ ሠንጠረዥ ያላገባ ሰው በ40 ዓመቱ 50 ነጥብ አለው፣ በ41 ወደ 39 ይወርዳል፣ በ45 ዜሮ ይሆናል። የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ነርስ በዚህ መለኪያ ከአዲስ ተመራቂ በታች ልትሆን ትችላለች። ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ። በቁጥር የማይያዝ ነገር፣ ለምሳሌ የሥራ ብስለት፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌላው ድክመት ከባድ ነው። ለዲግሪ ነጥብ ማግኘትና በዚያ ዲግሪ መሥራት ለየቅል ናቸው። የትምህርት ማስረጃ ግምገማው «ይህ ዲግሪ ከእኛ ዲግሪ ጋር እኩል ነው» ይላል። የሐኪምነት፣ የነርስነት ወይም የመሐንዲስነት ፈቃድ የሚሰጠው ግን ሌላ አካል ነው፤ የራሱ ፈተናና የራሱ ዓመታት አሉት። በሙያው ነጥብ አግኝቶ የሄደ ሐኪም ታክሲ ሲነዳ የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ለማመልከት ያሰበ ሰው የሙያ ፈቃዱን መንገድ ከነጥቡ እኩል አስቀድሞ ያጣራ።

ባለትዳሮች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካናዳ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ዋና አመልካች ይሆናል፣ ሌላው በጥቂት ነጥብ ይደግፋል። ብዙ ቤት ውስጥ ባል ዋና ይሆናል ተብሎ ሳይታሰብ ይገባል። ሚስቲቱ በዕድሜ ታናሽ ከሆነችና እንግሊዝኛዋ ከተሻለ ድምሩ በእሷ ስም በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ጊዜ አስሉት፣ አንዴ በእሱ፣ አንዴ በእሷ።

የሥራ ልምድ ነጥብ የሚቆመው በደብዳቤ ነው። «በድርጅታችን ሲያገለግሉ ቆይተዋል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የሥራ መደቡ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተሠራ፣ ደመወዙና በተለይ ዝርዝር ተግባሩ መጻፍ አለበት። ካናዳ የምታየው የመደቡን ስም ሳይሆን ተግባሩ ከሙያ ዝርዝሯ ጋር መገጣጠሙን ነው። ደብዳቤውን ማሳመር ግን አደጋ አለው። ነጥቡን መጀመሪያ የሚሞላው አመልካቹ ራሱ ነው፤ ማስረጃው የሚመረመረው ከግብዣ በኋላ ነው፣ ማስረጃዎቹን ለማስገባትም 60 ቀን ይሰጣል። ያን ጊዜ ሐሰት ከተገኘ ካናዳ ለአምስት ዓመት ታግዳለች። ፎርሙን የሞላው ኤጀንት ቢሆንም እንኳ እገዳው የሚወድቀው በአመልካቹ ላይ ነው።